የማን እጅ ነው?

እናቴ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀገር ልብስ ስትነግድ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። አዲስ ነጠላ ሲመጣላት ፊት ለፊቱን አይታ አትደነቅም። ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ጠርዙን በአውራና በሌባ ጣቷ መካከል አሸት አሸት ታደርገዋለች፤ ከዚያ «የማን እጅ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የዋጋ ወሬ የሚነሳው መልሱን ከሰማች በኋላ ነው።

አምና ግንቦት መገባደጃ ላይ ልትጠይቀኝ መጣች። የምኖረው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ ነው። በሀገራችን ሰማዩ መክበድ በሚጀምርበት በዚያ ሰሞን እዚህ የበጋው መግቢያ ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ ትወጣለች፣ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይም ገና አልጨለመም። እናቴ ጸሎቷን ታደርስና ነጠላዋን ተከናንባ ጓሮ ትወጣለች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ስነሳ፣ አጥሩ ሥር ካለው መደብ ፊት ቆማ ጤዛ ያረፈበትን አንድ አበባ ስትመረምር አገኘኋት።

«ይሄን ማነው የሠራው?» አለችኝ ዞር ሳትል።

«አበባ እኮ ነው እማዬ። እግዜር ነዋ።»

«እግዜርማ እግዜር ነው። ከእግዜር ቀጥሎስ? እንዲህ ያለ ጥለት ሰው ሳይነካው አይመጣም። የማን እጅ ነው?»

ልክ ነበረች። አበባው ላይ የሰው እጅ አለበት። ሰውየው ሴድሪክ ሞሪስ ይባላል፤ ሠዓሊ ነበር፤ የኖረውም እዚሁ ሰፎክ ውስጥ ነው። ያን ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ታሪኩን ጀምሬላት እሷ እስክትመለስ ድረስ አላለቀም።

በመጀመሪያ ግን አበባውን ልናገር። አይሪስ ነው፤ ቤንተን ዲርድሪ የሚባለው። አይሪስ ስድስት ቅጠል አለው፤ ሦስቱ ወደ ላይ ቆመው ጫፋቸውን ያገናኙና ጉልላት ይሠራሉ፣ ሦስቱ ደግሞ እንደ ምላስ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። በእያንዳንዱ ተንጠልጣይ ቅጠል መነሻ ላይ ከሐር ክር ተከርክሞ የተሠራ የሚመስል ቢጫ ጢም ይወርዳል። የዲርድሪ መደቡ የወተት ስልባቦት ነው፤ ነጭ ለማለት ሞቅ ይላል፣ ቢጫ ለማለት አይደርስም። በዚህ መደብ ጠርዝ ላይ ቀይ ወደ ሆነ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ተጠልፏል። ተቀብቷል አላልኩም፤ ተጠልፏል። ጠርዙ ላይ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ መሐል ሲገባ ይሳሳል፣ ክሩ ይበጣጠሳል፣ ነጥብ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ ያህል ብቻ ይቀርና መደቡ ባዶውን ይወጣል። ማቆሚያው የት እንደሆነ በጣት ለማሳየት ብትሞክሩ አትችሉም። ሆኖም ቆሟል።

እናቴን የያዛት ይኸው ማቆሚያ ነው። ጥሩ ሸማኔ የሚታወቀው ጥለቱ በሚያልቅበት ቦታ ነው ትላለች፤ መጥፎው ክር ስለተረፈው ብቻ ይጨምራል።

አንዱን ተንጠልጣይ ቅጠል በማጉያ መነጽር አሳየኋት። ጠቆር ያለው ክፍል ከፋይ የሚመስለው ለምን እንደሆነ እዚያ ይታያል። ገጹ ለጥ ያለ አይደለም፤ በዓይን በማይለዩ ጉብታዎች የተሞላ ነው፤ ብርሃኑ በጉብታዎቹ መካከል ሲገባ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ አይወጣም። ጥልቀት ያለው ቀለም የምንለው ይህንን ነው። ከፋይም ራሱ ጥልቅ የሚመስለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ክሮቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና ብርሃኑን ሥራቸው ያስቀሩታል። ከጀርባው ሲታይ ደግሞ ሥር መሰል መስመሮች ከመነሻው ተነስተው እንደ ድር እየተሰነጠቁ እስከ ጠርዙ ይሄዳሉ። ቅጠሉ ቀጭን ሆኖ ሳይታጠፍ የሚንጠለጠለው በነሱ ጉልበት ነው።

ከጢሙ በላይ ጣሪያ የመሰለች ትንሽ ክንድ አለች። ጠጉራሟ ትልቅ ንብ ተንጠልጣዩ ላይ ታርፍና ጢሙን እየረገጠች ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ትገባለች። በመግቢያው ላይ ከጣሪያው የወጣች ስስ ከንፈር ጀርባዋን ትፍቃታለች፤ ከሌላ አበባ ያመጣችው ዱቄት እዚያ ይቀራል። ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ከጣሪያው ሥር የተሸሸገው ዱቄት ያዥ ደግሞ ሌላ ይቀባታል። ወደ ኋላዋ ስትመለስ ያቺው ከንፈር በሌላው ጎኗ ስለምትገፋ አዲሱን ዱቄት አትቀበለውም። አበባው ሦስት እንዲህ ያለ በር አለው፤ ለንብ አንድ አይሪስ ሦስት አበባ ነው ማለት ይቻላል። ሴድሪክ ሞሪስ ያደረገው በዚህ በር ላይ ንቧን ቀድሞ መቆም ነበር።

ሞሪስ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 በዌልስ፣ ስዋንዚ ከተማ ነው። ከባልደረባው ከአርተር ሌት-ሄንስ ጋር በ1937 ዴደም በምትባል መንደር የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ በእሳት ወደመ። በ1940 ሀድሊ ከተማ አጠገብ ወዳለ ቤንተን ኤንድ ወደሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ትምህርት ቤቱን ይዘው ገቡ። ሠዓሊው ሉሲየን ፍሮይድ ገና ልጅ ሳለ የተማረው በነሱ እጅ ነው። ሠዓሊዋ ማጊ ሀምብሊንግም በኋላ መጥታለች። የአይሪሶቹ ስም ከዚህ ቤት ይነሳል፤ ሞሪስ ጥሩ ነው ብሎ ያመነበትን አበባ ሁሉ ማለት ይቻላል «ቤንተን» ብሎ ይጀምርና ሌላ ስም ይቀጥልለታል። ቤንተን መናስ የሚባለው ስሙን የወረሰው ከድመቱ ነው።

የማዳቀሉ አሠራር እንዲህ ነው። እናት እንድትሆን የተመረጠችው አበባ ልትከፈት ስትል ተንጠልጣይ ቅጠሎቿ ይነጨላሉ፤ ማረፊያ የሌለው አበባ ላይ ንብ አትገባም። ከአባትየው ዱቄት ያዡን በወረንጦ ነቅሎ በዚያች ስስ ከንፈር ላይ ማሸት፣ የሁለቱን ስም ጽፎ አንገቷ ላይ ማሰር። ደረቅ ቀን የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ዝናብ ከመጣ ልፋቱ ታጥቦ ይሄዳል። ከተያዘ ከአበባው ሥር ያለው ጉብታ ያብጣል፣ በሁለት ወር ገደማ ቡናማ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ዘሩ በመከር ይዘራል። ዘሩ ብርድ ካልቀመሰ አይበቅልም። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መጠበቅ። ይህን ሁሉ ጠብቆ የሚወጣው አበባ ምን እንደሚመስል ማንም አስቀድሞ አያውቅም።

ሞሪስ በዓመት እስከ 1,000 ችግኝ ያፈላ ነበር። በዕድሜው ስም ሰጥቶ ያስቀረው ግን ወደ 90 የሚጠጋ ነው። ስለ እሱ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ ቁጥር ነው። ያዳቀለው እጅ ይደነቃል፤ ከዚያ የበለጠ የሚደንቀኝ ግን የነቀለው እጅ ነው። በሰኔ ማለዳ በሺህ አዲስ አበባ መካከል መሄድ፣ ሁሉም ቆንጆ ናቸው፣ ከዚህ በፊት በምድር ላይ ታይተው የማያውቁ ናቸው፣ እናም «ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም» እያሉ ማለፍ። ዓይኑ ምን እንደሚፈልግ አጥብቆ የማያውቅ ሰው ይህን አይችልም።

የፈለገውንም ከቀሩት አበቦች ማንበብ ይቻላል። አይሪስ በግሪክኛ ቀስተ ደመና ማለት ነው፤ ብዙ አዳቃዮችም ስሙን በቁሙ ወስደው ደማቁን አሳደዱ፤ እንደ በርበሬ የቀላ ጢም ያለው አይሪስ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሞሪስ ወደዚያ አልሄደም። ጭጋግ የገባበት ሐምራዊ፣ የሻይ ቀለም ያለበት ቢጫ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውን ሰማይ የሚመስል ግራጫ ነበር ደስ የሚለው፤ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ ያን በጠርዝ የተጠለፈ ዓይነት። በ1955 የዳይክስ ሜዳሊያን፣ ማለትም በብሪታንያ ለአይሪስ የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት ያገኘው ቤንተን ኮርዴልያ እንኳ ፈዛዛ ሐምራዊ ሮዝ ነው፤ ጢሙ ብቻ ብርቱካንማ ሆኖ ይነዳል። ሌላው ሁሉ ዝግ ያለው ያች አንዲት ቦታ እንድትታይ ነው።

ቅርጹም እንደዚያው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አይሪሶች ብዙዎቹ ወፍራም ናቸው፤ ጠርዛቸው ተሸብሽቦ ተጨማድዶ በቅጠልና በቅጠል መካከል አየር አይተርፍም። ዝናብን ከሞሪስ አበቦች የተሻለ ይችላሉ፤ ይህን ልክድባቸው አልችልም። ነገር ግን የቤንተን አይሪስ አጠገባቸው ሲቆም ባዶ ቦታ እንዴት እንደሚያምር ይታያል። በጉልላቱ ቅጠሎች መካከል ስንጥቅ አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ ከኋላ ያለው አጥር፣ ሣሩ፣ የሚያልፍ ሰው ልብስ ይታያል። ግንዱ ላይ አበቦቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ አንዱ ሌላውን አይጋፋም። አንድ አበባ የሚቆየው ሦስት ቀን ያህል ነው፤ ሲጠወልግ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሟሟል፣ ከበታቹ እንደተጠመዘዘ ጃንጥላ የተጠቀለለው እምቡጥ ደግሞ ይፈታል።

ለንደን ቴት የሥዕል ቤት ስብስብ ውስጥ በ1943 የሳለው «የአይሪስ ችግኞች» የሚል ሥዕል አለ። አንድ ዕቃ ሙሉ አይሪስ ነው፤ ቀለሙ ወፈር ብሎ፣ ብሩሹ ያለፈበት ሁሉ ቦይ ቀርቶበት። ስማቸው ችግኞች ብቻ ነው፤ ሰውየው ገና እየመረጠ ነበር። ሲስል አስቀድሞ በእርሳስ አይነድፍም፤ ከሸራው ላይኛ ጫፍ ይጀምርና ጨርቅ እንደሚዘረጋ ሰው ወደ ታች እየሠራ ይወርዳል። ያለፈበትን ተመልሶ አያርምም ማለት ይቻላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። «ታዲያ ሸማኔስ? ድሩ ላይ የገባ ማግ መቼ ይመለሳል? ጥለቱ ያለው እዚህ ነው» ብላ ግንባሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

እኔ አይሪስ ማብቀል የተማርኩት በመግደል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥሮች ገዝቼ እንደ ድንች ቀበርኳቸው፤ ክረምቱን ሙሉ በረጠበው አፈር ውስጥ ለስልሰው ሸተቱ። ሥሩ ዝንጅብል ይመስላል፤ እውነተኛ ሥሮቹ ከሆዱ ይወርዳሉ፣ ጀርባው ግን ከአፈር በላይ ሆኖ ፀሐይ መሞቅ ይፈልጋል። አሁን ትንሽ ጉብታ እሠራለሁ፣ ዝንጅብሉን ኮርቻ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው አስቀምጠዋለሁ፣ ሥሮቹን ግራና ቀኝ አወርዳለሁ፣ ጀርባው እስኪቀር አፈር እመልሳለሁ። ሌላው ተክል እንዲጋርደው አልፈቅድም፤ ጉዝጓዝም አላለብሰውም። የአይሪስ መደብ እንግዳ ለሆነ ዓይን የተራቆተ ይመስላል።

አንዱ ዝንጅብል የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከጎኑ የወለዳቸው ናቸው በሚቀጥለው ዓመት የሚያብቡት። በሦስት በአራት ዓመት ክምችቱ መሐሉ ላይ ይራቆታል፤ ያኔ ካበበ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ በመንሽ ማውጣት፣ አሮጌውን መሐል መጣል፣ ወጣቶቹን በቢላዋ መለየት ነው። ቅጠላቸው ነፋስ እንዳይጥላቸው እንደ ማራገቢያ ቅርጽ አጥሮ ይቆረጣል። እጅ ላይ የሚቀረው ጭማቂ ይጣበቃል፤ የጥሬ ድንች ሽታ አለው።

ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ክፍፍል ነው። የአይሪስ ዘር ተዘርቶ እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ አንድን የተመረጠ አይሪስ ለማቆየት ከሥሩ እየከፈሉ ከማቀበል በቀር መንገድ የለም። እኔ ጓሮ ያለው ዲርድሪ የሞሪስ አበባ ልጅ ወይም ቅጂ አይደለም። ሞሪስ በሺዎቹ መካከል ቆሞ «ይሄ ይቅር» ያለው ያው ተክል ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተቆረሰ እስከ እኔ አጥር ሥር መጣ። ለእኔ የደረሰኝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አንዲት አትክልት ወዳድ ጎረቤቴ በሐምሌ በሩን አንኳኩታ ሰጥታኝ ነው።

ሰንሰለቱ ግን ሊበጠስ ተቃርቦ ነበር። ሞሪስ በ1982፣ በ92 ዓመቱ ሲሞት አይሪሶቹ በየጓሮው ተበታተኑ፤ ስማቸው የተጻፈበት ምልክት ጠፋ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ጠፉ። ሳራ ኩክ የምትባል፣ በታዋቂው የሲሲንግኸርስት የአትክልት ስፍራ ዋና አትክልተኛ የነበረች ሴት ሥራዋን ከለቀቀች በኋላ ፍለጋ ገባች። ከየግቢው የተገኘውን አንድ በአንድ እየተከለች፣ እስኪያብብ እየጠበቀች፣ በድሮ መዝገብ ካለው መግለጫ ጋር እያስተያየች ለየቻቸው። በ2015 በቼልሲ የአበባ ትርዒት ላይ የቤንተን አይሪሶች በአንድ ላይ ቆመው ታዩ። ይህን ሥራ ከሞሪስ ሥራ አሳንሼ አላየውም። ቀለሙ በአንድ ደረጃ የተሳሳተን አበባ «ይሄ እሱ አይደለም» ብሎ መመለስ የሱኑ ዓይን ይጠይቃል።

እናቴ ወር ተኩል ቆየች። ጓሮው በዚያ ጊዜ ሁሉ መልኩን ይቀይራል፤ አይሪሶቹ ሲያልቁ ጽጌረዳው ይቀበላል፣ ከሥሩ ግራጫና ሐምራዊ የሜዳ ፖፒ ይፈካል። የዚህ ፖፒ ዘርም የሞሪስ ነው። በእንግሊዝ እርሻ ላይ የሚበቅለው ፖፒ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ እሱ ከመካከላቸው ቀለማቸው የወጣውን እየለቀመ ወደ ጭስና ወደ ርግብ ላባ አመጣቸው። ቀይ ሆኖ የወጣውን ዘር ሳይጥል መንቀል አለ፤ አለዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁሉም ወደ ቀይ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት የምዞረው ለዚህ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል የቀላው ከሩቅ ይታያል።

አንድ ቀን እናቴ አንዱን ሐምራዊ አይሪስ አይታ «ይሄንን ልጅ ሳለሁ አውቀዋለሁ» አለች። ያደገችው ደጋ ላይ ነው። ዝናብ መጣል ሲጀምር ረግረግ ሜዳው ላይ በሣሩ መካከል ብቅ የሚል፣ ከብት ጠባቂ ልጆች የሚቀጥፉት ወይን ጠጅ አበባ እንደነበር ነገረችኝ። አልተሳሳተችም ብዬ አምናለሁ። በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል የአይሪስ ዘመድ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሞሪያ ሺምፐሪ ነው፣ ስሙም ትግራይ ውስጥ ለብዙ ዘመን ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ከሞተው ጀርመናዊ ተክል ሰብሳቢ ከቪልሄልም ሺምፐር የመጣ ነው። ጢም የለውም፣ ቁመናው ግን የአይሪስ ነው። በስልክ ፎቶውን ሳሳያት ብዙ ዝም ብላ አየችው። «ይሄኛውን ማንም አልነካውም» አለች፤ ከዚያ ቆየት ብላ፣ «ይሄም መነካት አያስፈልገውም» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

እኔም ከሦስት ዓመት በፊት በወረንጦ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ዲርድሪን እናት፣ አንድ ስሙ የማይታወቅ ሻይማ ቢጫ አይሪስ አባት አድርጌ ነበር። ከበቀሉት ዘጠኝ ችግኞች የመጀመሪያው ያበበው እናቴ እዚህ ሳለች ነው። ማለዳ እየሮጥኩ ገብቼ ጠራኋት። ትልቅ አበባ ነበር፤ መደቡ ቅቤ፣ ጠርዙ የዳማ ወይን ጠጅ። ለእኔ በዓለም ላይ እንደሱ ያለ አልነበረም፤ በእርግጥም አልነበረም።

እናቴ አጎነበሰች። ተንጠልጣዩን ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ታውቃለች።

«ቀለሙ ፈሷል» አለች።

ደግሜ አየሁት። ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ስፌት አልሆነም፤ ባልጸና ቀለም የተነከረ ክር ሲታጠብ እንደሚያደርገው ወደ መደቡ ሰርጎ አቆሽሾታል። ማቆሚያ አልነበረውም። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ስመለከተው አላየሁትም ነበር።

«የመጀመሪያዬ ነው እኮ እማዬ።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ግን ፈሷል።»

ሦስት ቀን ሙሉ አበባው እስኪጠወልግ አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን መንሹን ይዤ ወጣሁ። እናቴ ስኒዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዝንጅብሉን ከነልጆቹ አወጣሁ፣ ሥሩን ይዤ አፈሩን አራገፍኩ፣ ከብስባሹ ክምር ላይ ጣልኩት። የቀሩት ስምንቱ ገና ቅጠል ብቻ ናቸው። አንዱ ግን ሥሩ አካባቢ ወፈር ብሎ ነበር፤ ተንበርክኬ ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ ዳሰስኩት።